ጫማ የሚወለቅበት ቦታ

ያን ቅዳሜ ጠዋት፣ ወንዙ ከድሮው ድልድይ በላይ በሚጠመዘዝበት ቋጥኝ ላይ የነበሩት ቲቸርና፣ ፌንጣን ጨምሮ፣ የስምንተኛ «ለ» ተማሪዎች ነበሩ። የፌንጣ የክፍል ጓደኛ ዳክዬ አልነበረችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ገበያ ዓሣ ስለምትሸጥ ከትምህርት ቤት ጉዞ ሁሉ ትቀራለች። ፌንጣ በኋላ ደጋግማ ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ዳክዬ እዚያ ቆማ ቢሆን ኖሮ የፌንጣ አፍ አይከፈትም ነበር።

ቲቸር የጂኦግራፊ አስተማሪያቸው ነው። ዕድሜው ገና ነው፤ ዳገት ላይ ግን እንደ አሮጌ የጭነት መኪና ያቃስታል። ቋጥኙ ጫፍ ላይ ወገቡን ይዞ እስኪያርፍ ድረስ ተማሪዎቹ ከታች የተዘረጋውን ከተማ ይመለከቱ ነበር። ወንዙ የጥንቱን ግንብ እንደ ክንድ አቅፎ ይዞታል። ከድልድዩ ቅስቶች ሥር የፀሐይ ብርሃን ውሃው ላይ ይንቀጠቀጣል።

«ግንቡንና ድልድዩን ተዉት» አለ ቲቸር ትንፋሹ ሲመለስለት። «እነሱን ጎብኚ ሁሉ ፎቶ ያነሳቸዋል። ዛሬ የምንፈልገው የሰው እጅ ያልሠራውን ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ቦታ ያሳየናል። ማንም የማያውቀውን ቦታ ያሳየ ቡድን ስም ያወጣለታል፤ ስሙም ኮሪደሩ ላይ ባለው ትልቅ ካርታ ላይ ይጻፋል።»

የመጀመሪያው ቡድን ከግንቡ ጀርባ ያለውን ዋሻ አሳየ። የሌሊት ወፎቹ ገና ሳይረበሹ ራዲዮ በሳቅ ፈነዳ። ራዲዮ ይህን ስም ያገኘው ጠዋት የሰማውን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ለሰፈሩ ሁሉ ስለሚያሰራጭ ነው።

«ይኼን ዋሻ እኮ አያቴም ታውቀዋለች! ኑ እዩ፣ እዚህ ጋ ስሟን ጽፋለች!»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ቲቸርም ሳቁን ለመደበቅ ሳል ሳል አለው።

ሁለተኛው ቡድን ሥሩ አለቱን ለሁለት የሰነጠቀውን ትልቅ ዛፍ አሳየ። ዛፉ የፌንጣ ቡድን ምርጫ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ዛፉ የሚባለውን ስትለማመድ ነበር የከረመችው። የቡድን ጓደኞቿ «አሁንስ?» በሚል ዓይን አዩዋት። እሷም መልሳ አየቻቸው።

«ቀጥሎ የፌንጣ ቡድን!» አለ ራዲዮ፣ እጁን እንደ ማይክሮፎን አፉ ላይ አድርጎ። «ክቡራን አድማጮቻችን፣ አሁን ደግሞ የትምህርት ቤታችንን ቧንቧ እንጎበኛለን!»

«ዝም በል አንተ!»

«ምን አላችሁ ታዲያ? ፋራ አትሁኚ፣ የለንም በይና ወደ ቤታችን እንሂድ።»

የለንም ማለት ትችል ነበር። ሁለት ቃል እንኳ አይሞላም። ግን ሁሉም እሷን እያየ ነበር። ፌንጣ የተባለችው ወንዙ ላይ ከድንጋይ ድንጋይ ስትዘል እግሯ ስለማይርስ ነው፤ በዚህ ወንዝ ጉዳይ ማንም አይበልጠኝም ብላ የምትኮራ ልጅ ናት።

«ማንም የማያውቀው ቦታ አለኝ» አለች።

ከአፏ እንደወጣ ልመልሰው አለች። አልተመለሰም።

ያን ቦታ ያሳየቻት ዳክዬ ናት። የዳክዬ አባት ዓሣ አጥማጅ ናቸው። እሷም ከውሃ ስለማትለይና ስትራመድ ግራና ቀኝ ስለምትወዛወዝ ዳክዬ ተባለች፤ ስሙን ደግሞ አትጠላውም። ከጥቂት ቀናት በፊት ፌንጣን እጇን ይዛ፣ ከጀልባ ማቆሚያው ወደ ላይ፣ በሸምበቆው መካከል በምታልፍ ጠባብ መንገድ መራቻት። ሸምበቆው ሲያልቅ ሁለት ጠፍጣፋ አለቶች አሉ። እዚያ ሲደርሱ ዳክዬ ቆመች።

«ጫማሽን አውልቂ።»

«ውሃ ውስጥ ልንገባ ነው?»

«አብደሻል እንዴ? ዓሣዎቹ እኮ ኮቴ ይሰማቸዋል። ጫማ ሲረግጠው ድንጋዩ ይነግርብናል። አውልቂና በደረትሽ ተኚ።»

አለቱ ላይ ተኝተው ቁልቁል አዩ። ከሥራቸው ከወንዙ የተነጠለ፣ እንደ መስታወት የጠራ ትንሽ ኩሬ ነበር። ከታች ባሉት ድንጋዮች ላይ እንደ ሰሊጥ የተነሰነሰ ነገር አለ። ትልልቅ ዓሣዎች በላዩ ላይ ቀስ እያሉ ይዞራሉ፤ በክንፋቸው የሚያራግቡት ይመስላሉ።

«እንቁላል ነው» አለች ዳክዬ በሹክሹክታ። «እኛ ጓዳ ነው የምንለው። ጓዳ ይገባል? አይገባም። ልጆቹ ተፈልፍለው እስኪወጡ ድረስ መረብም፣ እግርም፣ ምንም አይገባም። ዘንድሮ ተራው የአባዬ ስለሆነ እሱ ነው የሚጠብቀው። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«በስማም! ለማን እናገራለሁ?»

አሁን ያቺው ፌንጣ ክፍሉን በሙሉ አስከትላ በሸምበቆው መካከል እየሄደች ነበር። ብቻ ይዩት፣ አለች ለራሷ። አይተው ይመለሳሉ። ማየት ምን ይጎዳል?

ሁለቱ አለቶች ጋ ስትደርስ ዞረች። ቲቸር ከኋላ ቀርቷል፤ ሸምበቆው ውስጥ ሲያቃስት ይሰማል።

«ጫማችሁን አውልቁ» አለች።

«ለምን?» አለች አንዷ።

ፌንጣ አፏን ከፈተች። ለምን እንደሆነ ከተናገረች ስለ ዓሣዎቹ መናገሯ ነው። ስለ ዓሣዎቹ ከተናገረች ደግሞ ቦታው የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳሳያት ይመጣል። ያኔ ያገኘችው እሷ አይደለችም።

«ዝም ብላችሁ አውልቁ በቃ።»

አወለቁ። ጫማ አውልቅ የተባለ ልጅ ውሃ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ እሷ አላሰበችበትም። መጀመሪያ ራዲዮ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለና ዘሎ ገባ።

«ወይኔ ሲቀዘቅዝ! ኑ፣ ኑ፣ ነፍስ ነው!»

«አትግቡ! ራዲዮ፣ ውጣ!»

ድምፅዋ በሳቁና በውሃው ጩኸት ተዋጠ። አንዱ ሌላውን ረጨ። አንዷ ተንሸራታ ቁጭ አለች፤ ያኔማ ሳቁ ጣራ ነካ። ከመስታወቱ ሥር ጭቃ ተነሳ፣ ተነፋፋ፣ ኩሬው ሻይ መሰለ። ትልልቆቹ ዓሣዎች የት እንደሄዱ አላየችም። ራዲዮ እጇን ይዞ ጎተታት፤ ታች ያለውን ድንጋይ ስትረግጥ ከባዶ እግሯ ሥር ልስልስ ያለ ነገር ድፍጥጥ ሲል ተሰማት። እንደ ራሰ ሰሊጥ።

በዚህ መሃል ቲቸር ከሸምበቆው ወጣ። ፊቱ በራ።

«ፌንጣ! ይህን የት አገኘሽው?»

ውጡ በላቸው ቲቸር፤ ይህ የዓሣ ጓዳ ነው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«እንዲሁ... ስዞር አገኘሁት» አለች።

ቲቸር ስልኩን አወጣ። ፎቶው ላይ ፌንጣ መሃል ናት፤ ውሃው እስከ ባቷ ደርሷል፤ ሁሉም ይስቃል፤ እሷም ጥርሷን አሳይታለች።

እሑድ ዕለት ራዲዮ የሰፈሩን ልጆች ይዞ ሄደ። እነሱ ደግሞ ሌሎችን ጠሩ። አንዱ ድንጋይ ሲወረውር፣ ሌላው አሮጌ መጋረጃ እንደ መረብ ሲጎትት ዋለ ተባለ። ፌንጣ ይህን የሰማችው ከቤታቸው በር ላይ ሆና ነው። ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ ድልድዩ ላይ ቆም አለች። ሁልጊዜም ትቆማለች፤ ከዚያ ላይ ጀልባ ማቆሚያው ወለል ብሎ ይታያል፤ የዳክዬን አባት ሰማያዊ ጀልባ ካላየች ቀኗ የጀመረ አይመስላትም። ጀልባው ቦታው ላይ ነበር። ግን ተገልብጧል። ሆዱ ወደ ሰማይ ዞሮ፣ የተላጠው ቀለሙ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ መቅዘፊያዎቹ በላዩ ላይ ተቆላልፈው ታስረዋል።

በዚያ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንንም አይጠይቅም። ጓዳው በጠባቂው ተራ ከተደፈረ፣ የጠባቂው ጀልባ ወቅቱ እስኪያልፍ ይገለበጣል። ሌሎቹ ዓሣ አጥማጆች ናቸው የሚገለብጡት፤ ባለቤቱም ያግዛቸዋል። ፌንጣ የዳክዬ አባት የራሳቸውን ጀልባ በአንድ በኩል ይዘው ከሌሎቹ ጋር «አንድ፣ ሁለት፣ ኧረግ» ሲሉ ታያት።

ኮሪደሩ ላይ ልጆች ተሰብስበዋል። ከካርታው ጎን ፎቶው ተለጥፏል። ካርታው ላይ ወንዙ በሚጠመዘዝበት ቦታ፣ በቲቸር ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣ «የፌንጣ ኩሬ» የሚል ተጽፏል። ዳክዬ ከፊቱ ቆማለች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች።

ፌንጣ ልትጠራት ፈለገች። ዳክዬ ዞረች። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ምናለ በሰደበችኝ፣ አለች ፌንጣ በሆዷ። ምናለ ፀጉሬን በጎተተችኝ። ዳክዬ ግን እንደማታውቃት መንገደኛ በጎኗ አልፋ ወደ ክፍል ገባች፤ የዚያን ዕለትም ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ከትምህርት በኋላ ቲቸር ፌንጣን ጠራት።

«ሰባተኛዎች ቀኑብን! የሚመጣው ቅዳሜ እነሱም ማየት ይፈልጋሉ። የምትመሪያቸው አንቺ ነሽ፣ አይደል?»

«ቲቸር...»

«ምነው? ደከመሽ እንዴ?»

ደግ ነው ቲቸር። ዓይኑ ሲያያት ይኮራባታል። ሰው እንዲህ ኮርቶባት አያውቅም።

«እሺ» አለች።

ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እሺ ለማለት እንዳልገባች እርግጠኛ ነበረች፤ ግን እሺ ብላ ወጣች።

በማግስቱ ወደ ዳክዬ ቤት ሄደች። ሁለቴ ከበሩ ተመልሳለች፤ በሦስተኛው ውሻው አይቷት ጮኸ፣ ስለዚህ ገባች። ዳክዬ ከጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የዓሣ ቅርፊት ትፍቅ ነበር። ቢላዋውን ከጭራ ወደ ራስ ስታስኬደው ቅርፊቱ እየዘለለ ክንዷ ላይ ይለጠፋል። ጎኗ ያለው ሳህን ሌላ ጊዜ ይሞላል፤ አሁን ትንንሽ ሁለት ዓሣዎች ብቻ አሉበት።

«አጎቴ ነው የላከልን» አለች ዳክዬ ቀና ሳትል። «አባዬ ስለማይወጣ።»

ፌንጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ስታስተካክለው የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«ጫማቸውን አስወልቀሻቸው ነበር?» አለች ዳክዬ።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ገቡ?»

«ለምን እንደሚወልቅ አልነገርኳቸውም።»

ቢላዋው ቆመ። ዳክዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ግን አላለቀሰችም።

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ከነገርኳቸው... ያንቺ እንደሆነ ያውቁ ነበር።»

ዳክዬ ወደ ቅርፊቱ ተመለሰች።

«ሐሙስ ከሰዓት ዓሣ አጥማጆቹ ይሰበሰባሉ» አለች። «ጀልባው መገልበጡ አይደለም ነገሩ። እሱ ደንብ ነው፤ በማንም ይደርሳል። አሁን ግን አባዬ ራሱ አስተማሪውን መርቶ አስገባ እያሉ ነው። ያ ከሆነ ማቆሚያው ላይ ያለንን ቦታ ይነጥቁናል። ለዘላለም። ከአያቴ ጀምሮ እዚያ ነው የቆምነው።»

«ግን እሳቸው አልመሩም!»

«አላውቅም ነው የሚለው። እውነቱን ነው፤ አያውቅም።»

«አንቺስ ለአባትሽ አልነገርሻቸውም?»

ዳክዬ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ድምፅዋ አሁን ቀነሰ። «በእሱ ተራ ያሳየሁሽ እኔ ነኝ። ገብቶሻል? ከማንም አብልጦ የሚያምነው እኔን ነው። በጧት ሲዞር ይዞኝ ይሄዳል፤ ወንድሞቼን አይወስድም። አንቺ ሄደሽ ብትናገሪ ማን አሳየሽ ይሉሻል። እኔን ትናገሪያለሽ። ስለዚህ ዝም በይ።»

«ቦታችሁስ?»

«አላውቅም አልኩሽ እኮ! አላውቅም!» ብላ ጮኸች ዳክዬ። ውሻውም አብሮ ጮኸ። ከቤት ውስጥ «ምንድን ነው?» የሚል የሴት ድምፅ መጣ። «ምንም አይደለም እማዬ» አለች ዳክዬ፤ ለፌንጣ ደግሞ በቀስታ፣ «ሂጂ በናትሽ» አለቻት።

ረቡዕ አመሻሹ ላይ ፌንጣ ከድልድዩ አጠገብ ባለው የእናቷ የልብስ ስፌት ክፍል ቁልፍ ስትለቅም ነበር። እናቷ የተሰፋ ቀሚስ ትፈታለች። ጥርሷ መሃል መርፌ ይዛ ስለምታወራ ቃሎቿ ሁሉ በአፍንጫዋ ይወጣሉ።

«ያንን የገለበጡትን ጀልባ አየሽው? ያሳዝናሉ ሰውየው። ዛሬ ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ሴትዮ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? ተኝተውበት ነው አለች። አንዳንዶቹ ደግሞ ራሳቸው አስገብተው ነው ይላሉ። እኔ እንጃ፤ ሰው ሲያረጅ...»

«አላስገቡም!»

መርፌዋ ከእናቷ አፍ ወደቀች። ፌንጣ ራሷም በድምፅዋ ደነገጠች።

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ፌንጣ ቁልፎቹን አየች። ነጩን ከነጭ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ለይታ ጨርሳለች፤ የቀሩት የማንም ጥንድ ያልሆኑት ናቸው።

«ነገ ልንገርሽ?» አለች።

እናቷ መርፌዋን ከወለሉ ላይ ፈልጋ አነሳች።

«ነገ ይሁን» አለች በመጨረሻ። «ያችን መብራት አብሪልኝ፤ ዓይኔ ደከመ።»

ሐሙስ ከሰዓት ፌንጣ በቀጥታ ወደ ማቆሚያው አልሄደችም። እግሯ በሸምበቆው መካከል ወሰዳት። መንገዱ ከእንግዲህ ጠባብ አይደለም፤ ተረጋግጦ ሰፍቷል፤ የብስኩት ላስቲክ ተጥሎበታል። ሁለቱ አለቶች ጋ ስትደርስ ማንም ሳያዛት ጫማዋን አወለቀች። በደረቷ ተኝታ ቁልቁል አየች። ጭቃው ሰፍሯል። ውሃው እንደገና እንደ መስታወት ጠርቷል፣ እስከ ታች ድረስ። ምንም አልነበረም። ድንጋይና አንድ ሰው የጣለው ካልሲ ብቻ።

ካልሲውን በሸምበቆ ዘንግ ስባ አወጣችውና ይዛው ወደ ማቆሚያው ወረደች።

ዓሣ አጥማጆቹ በተገለበጠው ጀልባ ዙሪያ በየመረባቸው ክምር ላይ ተቀምጠው ነበር። መሃል ያሉት እትዬ መረብ ናቸው። ጀልባ የላቸውም፤ መቅዘፊያም አያነሱም። ግን በዚያ ማቆሚያ እሳቸው ያልጠገኑት መረብ ስለሌለ፣ ሰው ሲጣላ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። አሁንም ጭናቸው ላይ መረብ አለ፤ ጣታቸው አይቆምም።

የዳክዬ አባት ቆመዋል። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» ይል ነበር አንድ ወፍራም ዓሣ አጥማጅ። «አስተማሪ የሚያህል ሰው፣ ያን ሁሉ ልጅ አስከትሎ፣ መንገድ ሳይመሩት በዚያ ሸምበቆ ያልፋል? እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ስኖር እንኳ ይጠፋኛል!»

«አንተማ ቤትህም ይጠፋሃል» አሉ እትዬ መረብ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። «ግን ጥያቄው ልክ ነው። ማን መራቸው?»

«አላውቅም» አሉ የዳክዬ አባት። «ጠዋት ዞሬ ነበር። ማታም ዞሬአለሁ። ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም።»

ከኋላቸው ዳክዬ ቅርጫት ታቅፋ ቆማለች። ፌንጣን ያየቻት መጀመሪያ እሷ ናት። ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። አትምጪ።

ፌንጣ ቆመች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ይላት ነበር። ወደ ኋላ ብትዞር ማንም አይከተላትም፤ ማንም አያውቅም። ሲያስቡት ደግሞ ዳክዬ ራሷ ዝም በይ ብላታለች። ጓደኛዬ ናት ያለችኝ ማለት ይቻላል። ዕድሜ ልክ እንዲያ ማለት ይቻላል።

የተገለበጠው ጀልባ ሆድ ላይ አንድ ወፍ አርፏል።

«እኔ ነኝ» አለች።

ማንም አልሰማትም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እትዬ! የመራኋቸው እኔ ነኝ።»

የእትዬ መረብ ጣቶች መረቡ ላይ ቆሙ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ፌንጣ ያኔ ነው እግሯን ያየችው፤ ባዶ ነው፤ ጫማዋን አለቱ ላይ ትታዋለች። በእጇ የሰው ካልሲ አለ፤ ውሃው በክርኗ ይወርዳል።

«አንቺ የልብስ ሰፊዋ ልጅ አይደለሽም?» አሉ እትዬ መረብ።

«ነኝ። ቲቸር አያውቅም ነበር። ያገኘሁት እኔ ነኝ ብዬ ዋሸሁት። ተማሪዎቹንም ጫማ አስወልቄ... ለምን እንደሆነ ስላልነገርኳቸው ገቡ። እኔም ገብቻለሁ። ጋሼ ምንም አያውቁም።» የመጨረሻውን ስትናገር ወደ ዳክዬ አባት ለማየት ሞከረች፤ ከኮፍያቸው በላይ ማየት አልቻለችም።

«ጫማ ማስወለቁን ማን አስተማረሽ?» አሉ እትዬ መረብ ቀስ ብለው። «እሱን እኮ ከዚህ ማቆሚያ ሰው በቀር ማንም አያውቀውም። ማን አሳየሽ?»

ፌንጣ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ሌሊቱን መልስ ስትፈልግለት አድራለች። ዳክዬን ተደብቄ ተከትዬ ሄጄ ነው ማለት ነበር አንዱ። ሌላ ውሸት። ጥሩ ውሸት፣ ለጓደኛ የሚሆን። አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው።

«የራሴን ልናገር ነው የመጣሁት» አለች። «ሌላው የእኔ አይደለም።»

ወፍራሙ ሰውዬ «ይቺን ይወዳል!» አለ። ሌላው «ትናገራለች እንጂ!» አለ። እትዬ መረብ እጃቸውን አነሱና ሁሉም ዝም አለ። የወንዙ ውሃ የታሰሩትን ጀልባዎች ጎን ሲመታ ይሰማል። ፌንጣ ወደ ዳክዬ አላየችም። ላለማየት አንገቷ አመማት።

ቅርጫት መሬት ሲነካ ተሰማ።

«እኔ ነኝ ያሳየኋት» አለች ዳክዬ።

መጥታ ቆመች። ፌንጣ አጠገብ አይደለም የቆመችው፤ አባቷ አጠገብ ነው። አባቷ አንገታቸውን አዙረው ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩ። የሚጮሁ መስሏት ፌንጣ ትከሻዋን ሰበሰበች።

«ጫማዋን አስወልቀሻት ነበር?» አሉ።

«አዎ አባዬ።»

«በደረት ተኝታችሁ?»

«በደረት ተኝተን።»

አባቷ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ኮፍያቸውን አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ፣ የት እንደሚያስቀምጡት የጠፋቸው ይመስል። ከዚያ ልጃቸውን ሳያዩ ኮፍያውን ለእሷ አስያዟት። ዳክዬ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

እትዬ መረብ ጣቶቻቸውን ወደ መረቡ መለሱ።

«ቦታውን የሚነካ የለም» አሉ። «ጀልባው ግን እንደተገለበጠ ይቆያል። አንቺ ልጅ፣ ያን ካልሲ ጣይና ሄደሽ ጫማሽን አድርጊ፤ እሾህ አለ።»

ጀልባው ወቅቱ እስኪያልፍ ድረስ ተገልብጦ ቆየ። ፌንጣ ያን ዕለት ማታ ለእናቷ፣ በማግስቱ ለቲቸር ነገረቻቸው። ቲቸር ፎቶውን ራሱ ነቀለው፤ ካርታው ላይ የጻፈውን ሲፍቅ ግን ወረቀቱም አብሮ ስለተላጠ፣ ወንዙ በሚጠመዘዝበት ቦታ አንድ ነጭ ጠባሳ ቀረ። ዳክዬ ወደ ድሮው ወንበሯ አልተመለሰችም።

የዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉዞው የተሰረዘ ቢሆንም፣ ከራዲዮ የሰሙ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ወደ ሸምበቆው መጡ። ፌንጣ መንገዱ አፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ማለፍ አይቻልም አለቻቸው። ለምን ብለው ጠየቋት።

ነገረቻቸው።